አሥራ አራት ዓመታት፦ የኢማም አን-ነወዊ የድርሰት ዘመንና መሠረቱ

በሀገራችን መስጂዶችና መድረሳዎች «አል-አርበዒን»ን ያልቀራ ደረሳ ማግኘት ያዳግታል። «ሪያዱስ-ሷሊሒን» ከሶላት በኋላ ለጀመዓው ይነበባል። የሻፊዒ ፊቅህ በሚቀራባቸው የሐረርና የወሎ አካባቢዎችም «ሚንሃጁጥ-ጧሊቢን» ደረሳው ከአጫጭር ኪታቦች ወደ ከባዶቹ የሚሻገርበት ድልድይ ሆኖ ኖሯል። ሦስቱም ኪታቦች የአንድ ሰው ሥራዎች ናቸው። ኢማም የሕያ ኢብን ሸረፍ አን-ነወዊ በ631 ዓ.ሂ. (1233 እ.ኤ.አ.) ከደማስቆ በስተደቡብ በምትገኘው ነዋ ተወለዱ፤ በ676 ዓ.ሂ. (1277 እ.ኤ.አ.) እዚያው ነዋ ወደ አኼራ ሄዱ። በጨረቃ አቆጣጠር አርባ አምስት ዓመት ነው የኖሩት።

የተራጃሚ ጸሐፍት የኢማሙን ገጾች በዕድሜያቸው ቀናት እያካፈሉ መደነቅ ልማዳቸው ነው፤ የሚደርሱበት መደምደሚያም ከራማ ነው የሚል ነው። እኛ የወልዮችን ከራማ አንክድም። ነገር ግን እዚያ ላይ ብቻ መቆም ለስንፍናችን መሸሸጊያ እንዳይሆን እንሰጋለን። «ለእርሳቸው ተሰጥቷቸዋል፤ ለእኛ ግን አልተሰጠንም» ብሎ ኪታቡን መዝጋት ቀላል ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንጠይቀው ስንት ገጽ እንደጻፉ አይደለም፤ ያ የፍሬ ዘመን እንዴት እንደተዘጋጀና እንዴት እንደተያዘ ነው።

ኢማሙ ደማስቆ የገቡት በ649 ዓ.ሂ. ሲሆን ዕድሜያቸው ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነበር። ማረፊያቸው አር-ረዋሒያ መድረሳ ነበረች። የአሽ-ሺራዚን «አት-ተንቢህ» በአራት ወር ተኩል ገደማ በቃላቸው ያዙ፤ በዚያው ዓመት ቀሪ ወራትም የ«አል-ሙሀዘብ»ን ሩብ ሐፈዙ። ቀጥሎም በየዕለቱ አሥራ ሁለት ደርስ በሸይኾቻቸው ፊት ይቀሩ ነበር፤ ፊቅህ፣ ሐዲስ፣ ነሕው፣ ሶርፍ፣ ቋንቋ፣ ኡሱል፣ የዘጋቢዎች ታሪክ። ተማሪያቸው ኢብን አል-ዐጧር ከራሳቸው ሰምቶ እንዳስተላለፈው፣ በእነዚህ ደርሶች ላይ አስቸጋሪውን ሐሳብ እያብራሩ፣ የቃሉን አነባበብ እያስተካከሉ ማስታወሻ ይይዙ ነበር። በኋላ ዘመን ብዕራቸው ሲፈጥን የምናየው ከባዶ ተነሥቶ አይደለም፤ በተማሪነት የተጻፈው ማስታወሻ በደራሲነት ዘመን ወደ ኪታብ ተለወጠ እንጂ። የአንዱ ዘመን ጥሞና የሌላው ዘመን ፍጥነት ሆነ።

ዘመኑ ሰላማዊ ነበር ብሎ የሚያስብ ካለ ታሪኩን ይመልከት። በ656 ዓ.ሂ. ባግዳድ በሞንጎሎች እጅ ወደቀች። በ658 ዓ.ሂ. (1260 እ.ኤ.አ.) ሞንጎሎች ደማስቆን ያዙ፤ በዚያው ዓመት ረመዷን በዐይን ጃሉት ድል ተመቱ። ወጣቱ ዓሊም ይህን ሁሉ ያሳለፉት በሃያዎቹ ዕድሜያቸው ነው። «ጊዜው ሲረጋጋ እጽፋለሁ» የሚል ሰው በዚያ ትውልድ ውስጥ ቢኖር ኖሮ ምንም ሳይጽፍ በሞተ ነበር።

አሁን ወደ ዓመታቱ እንመለስ። «አል-መጅሙዕ» የተሰኘውን ታላቁን የ«አል-ሙሀዘብ» ሸርሕ በ662 ዓ.ሂ. ጀመሩ። በ665 ዓ.ሂ. አቡ ሻማ ሲሞቱ የዳሩል-ሐዲስ አል-አሽረፊያን ኃላፊነት ተረከቡ። በ666 ዓ.ሂ. «አት-ቲብያን»ን ጻፉ፤ በዚያው ዓመት ረመዷን «ረውደቱጥ-ጧሊቢን»ን ጀመሩ። ረውዷ ገና በእጃቸው ሳለ በ667 «አል-አዝካር»ን፣ በ668 «አል-አርበዒን»ን ፈጸሙ። በ669 ረውዷም «ሚንሃጅ»ም ተጠናቀቁ፤ በ670 ዓ.ሂ. ረመዷን «ሪያዱስ-ሷሊሒን» ተከተለ። እንግዲህ ዛሬ በእጃችን ካሉት ሥራዎቻቸው ዋና ዋናዎቹ በአምስት ዓመት ውስጥ ተፈጽመዋል ማለት ነው። በአንድ በኩል ዓመታትን የሚፈልገው ከባዱ ሥራ ይጓዛል፤ በጎኑ ሕዝቡ ዛሬውኑ የሚያስፈልገው አጭር ኪታብ ይወለዳል። ለዓሊሙ የሚሆነው ለተራው ምእመን የሚሆነውን አልከለከለውም፤ አጭሩም ረጅሙን አላስጣለም።

ሁለተኛው ምሥጢር የቀደሙትን መሠረት መጠቀማቸው ነው። ረውዷ የአር-ራፊዒ ታላቅ ሸርሕ አሕጽሮት ነው፤ ሚንሃጅም የዚያው ዓሊም የ«አል-ሙሐረር» አሕጽሮት ነው። «አል-አርበዒን» ደግሞ ኢብን አስ-ሶላሕ ከሰበሰቧቸው ሃያ ስድስት ሐዲሶች ተነሥቶ አርባ ሁለት ላይ የደረሰ ነው። ኢማሙ ሁሉን ነገር አዲስ ማድረግን የክብር ጉዳይ አላደረጉትም። ሰው የሠራውን ወስደው አጣሩ፤ የመዝሀቡን ሚዛን የደፋውን አስተያየት ከደካማው ለዩ፤ የጎደለውን ሞሉ፤ የወሰዱበትንም ሰው ስም ጠሩ። በመንገድ ላይ የተገኘውን ድልድይ አፍርሶ ሌላ ለመሥራት ዕድሜያቸውን አላባከኑም።

ፍጥነታቸው ግን ጥንቃቄን አልነጠቃቸውም። በ«አል-መጅሙዕ» መግቢያ ላይ፣ ብቃት ያለው መምህር በድርሰት እንዲጠመድ ይመክራሉ፤ ወዲያውም ብቃት ሳይኖረው እንዳይገባበት፣ የጻፈውንም ደጋግሞ ሳያይና ሳያጣራ ከእጁ እንዳያወጣ ያስጠነቅቃሉ። ምክሩን በራሳቸው ላይ ፈጸሙት። ኢብን አል-ዐጧር በኢማሙ እጅ የተጻፉ አንድ ሺህ ያህል ኩራሳዎችን አጥቦ እንዲያጠፋ ታዘዘ፤ ትእዛዙን ፈጸመ፤ ጸጸቱ ግን እስከ ኋለኛው ዕድሜው በልቡ እንደቀረ ጽፏል። እኛም ከተማሪው ጋር እናዝናለን። ሆኖም በስማቸው የቀረው ሁሉ ለምን እንዲህ እንደታመነ የሚነግረን ያ የታጠበው ወረቀት ነው።

የፍሬ ዘመን ከስስት ጋር የሚመጣ ፈተናም አለው፤ ጸሐፊው ጊዜዬን እንዳይሻሙኝ ብሎ ከሕዝቡ ይሸሻል። ኢማሙ እንዲህ አላደረጉም። ሱልጧን በይበርስ የደማስቆን የጉጧ የአትክልት ቦታዎች ከባለቤቶቻቸው ለመያዝ በተነሣ ጊዜ፣ ብዕራቸውን ከኪታቡ አንሥተው ለሱልጧኑ የተግሣጽ ደብዳቤ ጻፉ። ከአል-አሽረፊያም ለራሳቸው ደመወዝ ስላልወሰዱ እጃቸው በማንም አልታሰረም። ምግባቸው ከአባታቸው ከነዋ የሚላክላቸው ነበር።

እዚህ ላይ ለወጣት ደረሳዎች አንድ ማስጠንቀቂያ እናክላለን። ኢማሙ አላገቡም፤ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይመገቡ ነበር፤ በተማሪነታቸው ሁለት ዓመት ያህል ጎናቸውን ምድር ላይ ሳያሳርፉ መቆየታቸው ተዘግቧል። ይህ የእርሳቸው የራሳቸው መንገድ እንጂ ለኡማው የተደነገገ ሥርዓት አይደለም። ሚስትና ልጆች ያሉት፣ ሐላል ሪዝቁን በላቡ የሚያገኝ ኢማም ረሃባቸውን ቢኮርጅ ሐቅ ያጓድላል። ሊኮርጅ የሚገባው ሥርዓታቸውን ነው።

«አል-መጅሙዕ» አላለቀም። ኢማሙ በንግድ ምዕራፍ ሪባ ላይ ሳሉ አጀላቸው ደረሰ። ተቂዩዲን አስ-ሱብኪ ቀጠሉት፤ እርሳቸውም ሳይፈጽሙት ሄዱ። «ተህዚቡል-አስማእ ወል-ሉጋት»ም በረቂቅ ቀርቶ አል-ሚዚ ነው የገለበጡት። የሶሒሕ አል-ቡኻሪ ሸርሓቸው ከኢማን ምዕራፍ አላለፈም። እንዲህ የበረከተ ዘመን እንኳ ያልተፈጸመ ሥራ ትቶ አለፈ። ያልተፈጸመው የተረፈው ግን ተጽፎ ስለነበር ነው፤ ቀጣዩ ዓሊም የሚቀጥለው መስመር አገኘ።

የእኛ ጭንቀት እዚህ ላይ ነው። ሃያና ሠላሳ ዓመት ያቀሩ፣ በአንድ ኪታብ ላይ ማንም ያልጻፈው ማብራሪያ በልባቸው ያለ ሸይኾች በመካከላችን አሉ። ማብራሪያው በደርስ ይነገራል፤ ደረሳው ይሰማዋል፤ ከዚያም ይበተናል። ሸይኹ ሲሞቱ ዕውቀቱ አብሮ ይቀበራል። ጉልበት፣ የጠራ አእምሮና በዙሪያ የተሰበሰቡ ደረሳዎች በአንድ ሰው ላይ አብረው የሚገኙበት ዘመን ረጅም አይደለም። ያ ዘመን በእጁ ያለ መምህር ዛሬ በሚያቀራው ኪታብ ጎን ማስታወሻ ይያዝ፤ ጎበዝ ደረሳ መርጦ ያስጽፍ፤ የተጻፈውንም መልሶ ይይ። «አል-አርበዒን»ም «ሪያዱስ-ሷሊሒን»ም የመጀመሪያ ሐዲሳቸው ሥራ በኒያ እንደሚለካ የሚናገረው ሐዲስ ነው። ኢማሙ የአንባቢውን ልብ ብቻ ሳይሆን የገዛ ብዕራቸውንም በእርሱ እንደጀመሩ እንረዳለን። አላህ ይዘንላቸው፤ ለእኛም በዕድሜያችን በረካ ያድርግልን።