የኢስኮናዋ ልሳንና ድምፆቹ

በፔሩ ምሥራቅ፣ ከብራዚል ወሰን አጠገብ፣ ሮኤቢሪ ብሎ በሚጠራውና በሚያከብረው ተራራ ዙሪያ በአደንና በእርሻ ይኖር የነበረው የኢስኮናዋ ነገድ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ሚሲዮናውያን አግኝተው ወደ ካዬሪያ ወንዝ ዳር ካወረዱት ወዲህ፣ ከፊሉ በማያውቀው ደዌ አለቀ፤ የተረፉትም በቍጥር ከሚበልጧቸው ሺፒቦዎች ጋር ተጎራብተውና ተጋብተው ስለ ኖሩ፣ ልጆቻቸው አፋቸውን በሺፒቦና በስፓኝ ቋንቋ ፈቱ።

ከፓኖ ልሳናት ወገን የሆነው የኢስኮናዋ ቋንቋ አናባቢዎቹ አራት ብቻ ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ የሳድሳችንን ድምፅ ይመስላል፤ ነገር ግን የእኛ ሳድስ ብዙ ጊዜ ሲዋጥ የእነርሱ ሙሉ አናባቢ ሆኖ ቃልን ከቃል ይለያል። በጕሮሮ ተገፍተው የሚወጡት ጠ፣ ጨና ቀ በዚያ የሉም፤ በአንጻሩ «ሸ» ሁለት ነው፤ አንደኛው እንደ እኛው፣ ሁለተኛው ግን የምላስ ጫፍ ወደ ላንቃ ተቀልብሶ የሚነገር፣ በእኔ አስተያየት ከዚህ ልሳን ድምፆች ሁሉ እጅግ የተዋበው ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ ጀምሮ ሊቃውንት የአረጋውያኑን ንግግር በድምፅ ቀርጸው የሰዋስውና የቃላት መጻሕፍት አዘጋጅተዋል፤ ቋንቋውን አጥርተው የሚናገሩት ግን በጣት የሚቈጠሩ አረጋውያን ብቻ ናቸው።