የጾም የሽምብራ ሰላጣ ለሳንዱች፦ አዘገጃጀቱና ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በሚዘልቀው የጽጌ ጾም ወቅት ምሳ ቋጥረው ለሚወጡ ሠራተኞችና ተማሪዎች፣ እንዲሁም ኅዳር 6 እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባሠሩት የጎንደር ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ለሚከበረው በዓል ከሩቅ ለሚመጡ ምእመናን፣ በዳቦ መካከል የሚበላ የሽምብራ ሰላጣ ቀላልና ገንቢ አማራጭ ነው። ቡቲቻን ለሚያውቅ ሰው ምግቡ እንግዳ አይሆንም። ቡቲቻ ከሽምብራ ዱቄት ሲሠራ ይህኛው ከተቀቀለ ሙሉ ሽምብራ ይዘጋጃል፤ ሎሚው፣ ቃሪያውና ሰናፍጩ ግን ያው ነው።

ሽምብራውን መልቀም

ከዝግጅቱ ሁሉ ቸል ሊባል የማይገባው ይህ ነው። በደምቢያና በፎገራ ሜዳ ሽምብራና ጓያ ክረምቱ ሲወጣ በጥቁር አፈር ላይ በቀረው እርጥበት የሚበቅሉ በመሆናቸው በአውድማም ሆነ በገበያ ሊደባለቁ ይችላሉ። ጓያ ለብዙ ሳምንታት ዋነኛ ምግብ ሆኖ ሲዘወተር የማይመለስ የእግር ሽባነት ያስከትላል፤ ሁለቱም አካባቢዎች ይህን ጉዳት ቀደም ሲል አይተውታል። ጥቂት ፍሬ በአንድ ቀን ምግብ ውስጥ ቢገኝ የሚያስደነግጥ ባይሆንም፣ ጾም በጥራጥሬ ላይ የሚያመዝን ወቅት ስለሆነ መልቀሙ ልማድ ሊሆን ይገባል። ሽምብራ ክብ ሆኖ በአንድ ጎኑ እንደ ወፍ መንቆር የሾለ ጫፍ አለው፤ ጓያ ጠፍጠፍ ያለና ማዕዘን ያለው ነው። ከተከካ ወይም ከተፈጨ በኋላ ለመለየት ስለሚያዳግት ሳይከካ መግዛት ይመረጣል።

አዘገጃጀት

ለ4 ወይም ለ5 ሳንዱች 1 ብርጭቆ ደረቅ ሽምብራ ይበቃል። ታጥቦ በሦስት እጥፍ ውኃ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይዘፍዘፍ፤ የተዘፈዘፈበት ውኃ ይደፋና በአዲስ ውኃ ይቀቀል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ በደባርቅ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። በመሆኑም በቆላ የሚነገረው የማብሰያ ጊዜ እዚህ አይሠራም። በተራ ድስት ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ስለሚችል፣ ፍሬው በሁለት ጣት ሲጨመቅ በቀላሉ እስኪፈረካከስ ድረስ ይቀቀል። ጨው መጨረሻ ላይ ይጨመራል።

ሽምብራው ተጠንፍፎ ከቀዘቀዘ በኋላ ግማሹ በሹካ ይደቆሳል፤ ሌላው እንዳለ ይቆያል። 1 አነስተኛ ቀይ ሽንኩርትና 1 ቃሪያ በደቃቁ ተከትፈው፣ ከ1 ሎሚ ጭማቂ፣ ከ2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ከ1 የሻይ ማንኪያ የተበጠበጠ ሰናፍጭና ከጨው ጋር ይቀላቀላሉ። በሌላ ቦታ ይህን ሰላጣ የሚያያይዘው ማዮኔዝ ነው፤ የተለመደው ማዮኔዝ ግን እንቁላል ስላለው ለጾም አይሆንም። ተቆልቶ የተወቀጠ የመተማ ሰሊጥ ያንኑ ልስላሴ ይሰጣል፤ እንዲያውም ጣዕሙ የተሻለ ነው። ቲማቲም ዳቦውን ስለሚያረጥበው ለብቻው ተይዞ በመብያው ሰዓት ይጨመር። ጥሬ የሚበሉት አትክልቶች በታከመ ውኃ ይታጠቡ። ከዳቦ ቤት የሚገዛ ዳቦ ወተት ወይም ቅቤ የገባበት እንዳይሆን መጠየቅ ያስፈልጋል።

100 ግራም የተቀቀለ ሽምብራ ወደ 9 ግራም ፕሮቲን ይይዛል፤ ከስንዴ ዳቦ ጋር ሲበላ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታል። የሎሚው ቫይታሚን ሲ በሽምብራው ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በተሻለ እንዲወስደው ያግዛል። ሻይና ቡና በተቃራኒው ስለሚያግዱት፣ ከምግቡ ጋር ከመጠጣት ይልቅ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቢሆኑ ይመረጣል። ይህ በተለይ ነፍሰ ጡሮችን ይመለከታል።

እስከ ቅዳሴ መውጫ ለሚቆዩ

ጠዋት ተዘጋጅቶ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት በቦርሳ የሚቆይ ሰላጣ ለጤና አስጊ ነው። የበሰለ ጥራጥሬ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ሎሚው ቢጎመዝዝም ማቀዝቀዣን አይተካም፤ የደጋው ብርድም በቀትር ፀሐይ ላይ አይታመንም። ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ማታ አዘጋጅቶ ሌሊቱን ያሳድረውና ከበረዶ ጋር በተከደነ ዕቃ ይያዘው። ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው ለጉዞው ዳቦና ደረቅ የሽምብራ ቆሎ ይዞ፣ ሰላጣውን ቤቱ ሲመለስ ቢያዘጋጅ ይሻላል፤ ጠዋት የተዘፈዘፈ ሽምብራ እስከዚያ ለድስት ይደርሳል።