ከሲሶ እስከ አክሲዮን፤ ከዕዳ በኋላ ለሚተርፈው ስም ስለ ማውጣት

የሂሳብ መግለጫ የተረጐመ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ብዕሩ ይቆምበታል። የአንድ ድርጅት የሀብትና የዕዳ መግለጫ ሁለት ወገን አለው፤ በአንደኛው ወገን ድርጅቱ ያለው ነገር ሁሉ፣ በሌላው ወገን ደግሞ ያ ነገር የማን እንደ ሆነ ይጻፋል። በሁለተኛው ወገን የሚሰለፉት ባለመብቶች አበዳሪዎችና ባለቤቶች ናቸው። በተለመደው አጻጻፍ የመጀመሪያው ወገን «ሀብት» ሲባል፣ የባለቤቶቹም «የባለአክሲዮኖች ሀብት» ሲባል ይገኛል። በዚህ ጊዜ እኩልዮሹ «ሀብት ከዕዳና ከሀብት ድምር ጋር እኩል ነው» ተብሎ ይነበባል። ቁጥሩ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ቃሉ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ ያስተምራል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው በእንግሊዝኛ «ኢኩዊቲ» የሚባለውን ይህንኑ ጽንሰ ሐሳብና የአማርኛ ስያሜውን ታሪክ ነው። ለምርመራችን አሰላንና በዙሪያዋ ያለውን የአርሲ ደጋ መርጠናል። ምክንያቱም በዚህ ገብስና ስንዴ አምራች ምድር በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የጭሰኝነት፣ የአምራች ኅብረት ሥራና የዛሬው ኅብረት ሥራ ማኅበር ሥርዓቶች ተፈራርቀዋል፤ እያንዳንዱም የራሱን የክፍፍል ቃል ትቶ አልፏል።

አስቀድመን ጽንሰ ሐሳቡን በምሳሌ እናስረዳ። ገብስ ገዝቶ የሚያከማች አንድ የአክሲዮን ማኅበር አለ እንበል። በመጋዘኑ ያለው እህል፣ ሕንጻው፣ ተሽከርካሪውና በባንክ ያለው ገንዘብ ሲደመር 10,000,000 ብር ይሆናል። ለባንክና ለገብስ አቅራቢዎች ያለበት ዕዳ 7,000,000 ብር ነው። የሚተርፈው 3,000,000 ብር የባለአክሲዮኖቹ ነው። ይህም ሲተነተን 2,000,000 ብሩ ባለአክሲዮኖች የከፈሉት ካፒታል፣ 200,000 ብሩ ሕጋዊ መጠባበቂያ፣ 800,000 ብሩ ያልተከፋፈለ ትርፍ ነው። አክሲዮኖቹ እያንዳንዳቸው 100 ብር የተጻፈባቸው 20,000 አክሲዮኖች ቢሆኑ፣ በመዝገብ ረገድ የአንዱ ዋጋ 150 ብር ይሆናል ማለት ነው።

አሁን የገብስ ዋጋ ወድቆ የመጋዘኑ ክምችት 1,000,000 ብር አጣ እንበል። ዕዳው ከ7,000,000 ብር ንቅንቅ አይልም። ጉዳቱ በሙሉ የሚያርፈው በቀሪው ላይ ነው፤ ያልተከፋፈለው ትርፍ ያልቃል፣ መጠባበቂያውም ይከተለዋል፣ የተከፈለው ካፒታል ብቻ ይቀራል፤ የአንዱ አክሲዮን የመዝገብ ዋጋም ወደ 100 ብር ይወርዳል። ከዚህ የምንረዳው ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ይህ 3,000,000 ብር በአንድ ሣጥን ተቆልፎ የተቀመጠ ገንዘብ አይደለም፤ በእህሉም በሕንጻውም ላይ ያረፈ መብት ነው። ሁለተኛ፣ ይህ መብት በወረፋው መጨረሻ የቆመ ነው። ትርፍም ሲመጣ ኪሳራም ሲመጣ የሚነካው እርሱ ነው። የምንፈልገው ስያሜ ይህን የመጨረሻ ወረፋ ማሳየት ይኖርበታል።

ወደ አርሲ እንመለስ። ከ1967 ዓ.ም. በፊት በጭላሎ አውራጃ ጭሰኛውና ባለመሬቱ የሚተሳሰቡባቸው ቃላት እኩል፣ ሲሶና እርቦ ነበሩ፤ ግማሽ፣ ከሦስት አንድ፣ ከአራት አንድ ማለት ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር እስኪተካው ድረስ አሥራትም ነበረ። የእነዚህ ቃላት ሁሉ የጋራ ጠባይ የሚቈረጡት ከምርቱ ላይ መሆኑ ነው። ባለመሬቱ ሲሶውን የሚያነሣው ከአውድማው ነው፤ የጭሰኛው የዘርና የበሬ ኪራይ ዕዳ ከዚያ በኋላ የሚታሰብ የጭሰኛው ጣጣ ነው። ስለዚህ ሲሶ የተባለው ድርሻ የቀሪ ድርሻ አልነበረም። በወረፋው መጨረሻ የቆመው፣ ክፉ ዘመን ሲመጣ ጉዳቱን የሚሸከመው አራሹ ነበር፤ ቋንቋው ግን ለእርሱ ቦታ ስም አላወጣለትም። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን መንግሥት እርዳታ ማእከሉን አሰላ ላይ አድርጎ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ማደል ሲጀምር ወረፋው ይበልጥ ረዘመ። ምርቱ ጨመረ፤ ከምርቱ ላይ የሚነሣው ዕዳም አብሮ ገባ።

በዚያው ዘመን ሌላ ቃል በሕግ በኩል ጸንቶ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የንግድ ሕግ ረቂቅ በፈረንሳዊው ሊቅ በዣን ኤስካራ ተጀምሮ በአልፍሬድ ዦፍሬ የተፈጸመ ነው። «አክሲዮን» የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ መምጣቱን በመካከሉ ያለው የ«ክ» ድምፅ ይመሰክራል፤ ከጣልያንኛ ተወስዶ ቢሆን ይህ ድምፅ ባልተገኘበት ነበር። ሕጉ የአክሲዮን ማኅበርን ካፒታሉ አስቀድሞ የተወሰነ፣ በአክሲዮኖች የተከፋፈለ፣ ለዕዳውም በማኅበሩ ንብረት ብቻ የሚጠየቅ አድርጎ ይገልጸዋል። ቢያንስ 5 አባላትና 50,000 ብር ካፒታል እንዲኖረው፣ በአንድ አክሲዮን ላይ የሚጻፈው ዋጋም ከ10 ብር እንዳያንስ ወስኗል። ከተጣራው ትርፍ በየዓመቱ ከሃያ አንድ እጅ እየተቀነሰ የካፒታሉን አንድ አሥረኛ እስኪሞላ ድረስ ለሕጋዊ መጠባበቂያ እንዲቀመጥም አዝዟል። እንግዲህ አክሲዮን፣ ካፒታል፣ መጠባበቂያ፣ የትርፍ ድርሻ የሚሉት ክፍሎች በየግላቸው ስም አገኙ፤ የክፍሎቹ ድምር ግን የጸና ስም ሳያገኝ ቀረ።

የ1967 ዓ.ም. አዋጆች የዚህን ቃል ጉዞ ገቱት። በጥር ወር ታላላቅ የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶች፣ በየካቲት 25 ቀን ደግሞ የገጠር መሬት ወደ ሕዝብ ሀብትነት ተዛወሩ። እኩል፣ ሲሶና እርቦ ከሕግ ፊት ተሰረዙ፤ አክሲዮንም ከዕለት ንግግር ራቀ። በእነርሱ ምትክ የአርሲ ገበሬ መልባ፣ ወልባና ወላንድ የሚሉትን የአምራች ኅብረት ሥራ ደረጃዎች ተማረ። በመልባ መሬቱ በጋራ ሲታረስ በሬና ሞፈር የአባሉ ንብረት ሆኖ ይቆያል። በወልባ በሬውም መሣሪያውም የማኅበሩ ይሆናል። ወላንድ የወልባዎች ውሕደት ነው።

ለእኛ ጥያቄ ዋናው ነጥብ ያለው እዚህ ነው። በሬውን ለወልባ ያስረከበ አባል ምን አገኘ? የሥራ ቀኑ እየተቈጠረ ከምርቱ ይከፈለዋል፤ ይህ ለጉልበቱ የሚሰጥ ዋጋ ነው። የበሬው ነገር ግን ለብቻው የሚቆም ጥያቄ ነው። በሬው በማኅበሩ «ሀብት» ውስጥ ተመዝግቧል፤ ከዕዳ በኋላ በሚተርፈው ላይ የዚያ አባል መብት ምን ያህል እንደ ሆነ የሚያመለክት ቃል ግን አባሉ አልነበረውም። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ መርሕ ሲታወጅና አባላት ማኅበራቱን እንዲያፈርሱ ሲፈቀድላቸው፣ አብዛኞቹ በአጭር ጊዜ ፈረሱ፤ ንብረቱም ተከፋፈለ። ያን ጊዜ የቀረበው ጥያቄ በሂሳብ ቋንቋ የኢኩዊቲ ጥያቄ ነው፤ ዕዳው ተከፍሎ የሚተርፈው የማን ነው፣ በምንስ ልክ?

በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 ሌላ መንገድ ያዘ። በኅብረት ሥራው ዘርፍ አባሉ የሚገዛው «ዕጣ» ይባላል። የቃል ምርጫው መልካም ነው፤ ዕጣ በገበሬው አፍ የኖረ፣ ከመሬት ድልድልና ከእቁብ ጋር የተዛመደ ቃል ነውና። ችግሩ ዕጣ የዕድል ስሜት መያዙ ነው። ከዚህም በላይ ዕጣና አክሲዮን በግብር ይለያያሉ። ባለብዙ አክሲዮኑ ባለብዙ ድምፅ ነው፤ በኅብረት ሥራ ግን የዕጣው ብዛት ምንም ቢሆን አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው። በዚያ አዋጅ መሠረት ከተጣራው ትርፍ 30 በመቶው ለመጠባበቂያ ይቀመጥ፣ የቀረው ለአባላት ይከፋፈል ነበር። ስለዚህ «ዕጣ»ን «አክሲዮን» ብሎ የሚተረጕም ሰው ድምፁን ከገንዘቡ ጋር ያስራል፤ ይህም ስሕተት ነው።

ይህ ልዩነት በአሰላ በተጨባጭ ይታያል። በ1976 ዓ.ም. በመንግሥት የተቋቋመው የአሰላ ብቅል ፋብሪካ፣ ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ወደ ኦሮሚያ የግብርና ኅብረት ሥራ ማኅበራት ፌዴሬሽን ተላልፏል። የፌዴሬሽኑ አባላት ዩኒየኖች ናቸው፤ የዩኒየኖቹ አባላት መሠረታዊ ማኅበራት ናቸው፤ የእነዚህም አባላት ገበሬዎች ናቸው። ገብሱን ለፋብሪካው የሚያቀርበው ገበሬ እንግዲህ በሁለት ስፍራ ሊቆም ይችላል። የገብሱ ዋጋ እስኪከፈለው ድረስ አበዳሪ ነው፤ በማኅበሩ በኩል ደግሞ ሩቅም ቢሆን የቀሪው ባለመብት ነው። ሁለቱንም «ድርሻህ» ብንለው የትኛው በቁርጥ እንደሚከፈለው፣ የትኛው በትርፍና በኪሳራ እንደሚወሰን አያውቅም።

ጉዳዩ ዛሬ ይበልጥ አስቸኳይ ሆኗል። የንግድ ሕጉ በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ተተክቷል። በ2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ለሕዝብ ለሽያጭ አቅርቧል፤ በዚያው ዓመት ጥር ወር የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀምሯል። ባለአክሲዮን ሆኖ የማያውቅ ብዙ ሰው ይህን መግለጫ ሊያነብ ነው።

ሐሳባችንን እንደሚከተለው እናቀርባለን። በግራ ወገን ላለው «ሀብት» ይጽና። «ዕዳ» ባለበት ይቆይ። «ካፒታል» ባለቤቶች ከፍለው ላስገቡት ብቻ ይወሰን፤ መጠባበቂያንና ያልተከፋፈለ ትርፍን አይጨምር። ለድምሩ «የባለአክሲዮኖች ቀሪ ድርሻ»፣ በኅብረት ሥራም «የአባላት ቀሪ ድርሻ» ይባል። «የተጣራ ሀብት» የሚለው አማራጭ መጠኑን በትክክል ይናገራል፣ ባለመብቱን ግን አይጠራም። «ፍትሐዊነት» ብለው የሚተረጕሙም አሉ፤ ይህ የእንግሊዝኛውን ቃል ሌላ ፍቺ ወደ ሂሳብ መዝገብ ማስገባት ነው። «ድርሻ» ከ«ደረሰ» የወጣ፣ ለአንድ ሰው የደረሰውን የሚያመለክት ቃል ነው፤ «ቀሪ» ሲጨመርበት መቼና ከምን በኋላ እንደሚደርሰው ይነግረናል።

«ቀሪ ድርሻ» ገና ያልተከፈለ ድርሻ መስሎ ሊነበብ፣ ከ«ቀሪ ሂሳብ»ም ጋር ሊምታታ እንደሚችል አንክድም። ስለዚህ ተርጓሚው በመጀመሪያ ሲጠቀምበት «ዕዳ ሁሉ ተከፍሎ የሚተርፈው የባለቤቶች መብት» የሚል ማብራሪያ እንዲያስከትል እንመክራለን። የተሻለ ቃል ያላችሁ አንባብያን፣ በተለይ በአርሲ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ውስጥ በአፍ የሚነገረውን የምታውቁ፣ እንድትጽፉልን እንጠይቃለን።