ከጥራጊ የተገኘ ዕውቀት
ስለ ዶሮ የዘር ህዋስና ስለ ማይክሮ አር ኤን ኤ ታሪክ አጭር ጥናት

በኮልፌ ቀራንዮ የሚገኘው ቆሼ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ጥራጊ ሲደፋበት የኖረ ስፍራ ነው። ብዙዎች ከዚያ ክምር ፕላስቲክና ብረታ ብረት ለይተው በመሸጥ ኑሯቸውን ገፍተውበታል። የተጣለን መርምሮ መለየት በሕይወት ጥናት ታሪክም ፍሬ መስጠቱን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1914 ቻርልስ ስዊፍት የተባለው ተመራማሪ የዶሮ ጽንስ የዘር ህዋሳት በደም ተጉዘው ወደ መራቢያ ዕጢ እንደሚደርሱ ገለጠ። እነዚህን ህዋሳት በብልቃጥ ለረዥም ጊዜ ማራባት ግን እስከ 2006 ድረስ አስቸግሮ ቆየ። በዚያ ዓመት የአሜሪካ ተመራማሪዎች አራቧቸው፤ ወደ ጽንስ ሲመለሱም ዘር ሰጡ።

በዚሁ መካከል ሌላ ታሪክ ይካሄድ ነበር። በ1972 ሱሱሙ ኦኖ ለፕሮቲን ሥራ የማያገለግለውን አብዛኛውን ዲ ኤን ኤ «ጥራጊ» ብሎት ነበር። በ1993 ግን ቪክቶር አምብሮስና ጋሪ ራቭከን በአንዲት ትንሽ ትል ውስጥ ርዝመቱ 22 ፊደል ያህል የሆነ፣ ፕሮቲን የማይሠራ አር ኤን ኤ የሌላውን ዘረ መል ሥራ እንደሚገታ አገኙ። ነገሩ የትሏ ብቻ ጠባይ መስሎ ችላ ተባለ፤ በ2000 ግን መሰሉ በሰውና በብዙ እንስሳት ተገኘ። ሁለቱም ሊቃውንት በ2024 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

በ2011 የሴዑል ተመራማሪዎች ሁለቱን ታሪኮች አገናኙ፤ ይኸውም አንድ ማይክሮ አር ኤን ኤ የዶሮን የዘር ህዋስ ወደ ሥጋ ህዋስነት የሚገፉትን ዘረ መሎች እየገታ ዘርነቱን እንደሚያስጠብቅ አሳዩ። ከዚያም ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች የእነዚህ ቅንጣቶች መጠን ሲለወጥ የህዋሱ መራባትና መሞትም እንደሚለወጥ አመልክተዋል። እንግዲህ በብልቃጥ ያለ ህዋስ የሚኖረው በሚሰጠው ምግብ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ይህ ለአገራችን ምን ይጠቅማል? የዶሮ ዕንቁላል አስኳሉ ትልቅ ስለሆነ በብርድ አቆይቶ ጫጩት ማስፈልፈል አይቻልም። የአውራ ዶሮ ዘር ብቻውን ቢቀመጥ የሴቷን ልዩ ክሮሞዞም አይይዝም። ከወንድና ከሴት ጽንስ የተወሰዱ የዘር ህዋሳት ግን የዝርያውን ሀብት ሁሉ ያቆያሉ።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ የአገር ዶሮ ዕንቁላሏ ጥቂት ነው ተብላ ስትናቅ ኖራለች። ሆኖም በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል በ2008 የተጀመረው ሥራ የሆሮ ዶሮ በምርጫ ብቻ ዕንቁላሏ እንደሚጨምር አሳይቷል። ጥራጊ ሁሉ ዕንቁ ነው አንልም፤ ሳይመረመር የጠፋ ዝርያ ግን ኋላ ቢፈለግ ከየትም ክምር አይለቀምም።