ጉማሬና የሰው ልጅ በወንዝ ዳር

አንባቢ ሆይ፤ ከአየር ጤና ተነሥቶ ከከተማ የሚወጣው አውራ ጎዳና ዓለም ገና ሲደርስ ከሁለት ይከፈላል። አንዱ በወሊሶና በወልቂጤ አልፎ ወደ ግቤ ወንዝ ይወርዳል፤ ሁለተኛው ወደ ቡታጅራ ሲያመራ በመልካ ቁንጡሬ አዋሽን ይሻገራል። በሁለቱም መንገዶች የአንድ እንስሳ ታሪክ ይጠብቀናል፤ እርሱም ጉማሬ ነው።

ጉማሬ የውኃም የየብስም ነዋሪ ነው። ቆዳው የፀሐይን ትኩሳት ስለማይችል ቀኑን በውኃ ውስጥ ተኝቶ ያሳልፋል። ዋናተኛ ቢመስልም በወንዙ ወለል ላይ በእግሩ ይሄዳል እንጂ አይዋኝም፤ ትንፋሹንም እስከ 5 ደቂቃ ያህል ይይዛል። ሲመሽ ግን ወደ ዳር ወጥቶ 40 ኪሎ ግራም የሚያህል ሣር ይግጣል። በደቡብ አሜሪካና በደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚኖረው ታፒርም እንደዚሁ ውኃን መሸሸጊያው ያደርጋል። ሆኖም የታፒር ዘመዶች ፈረስና አውራሪስ ሲሆኑ የጉማሬ የቅርብ ዘመድ ዓሣ ነባሪ ነው፤ ስለዚህ ያመሳሰላቸው የውኃው ኑሮ ነው እንጂ ዝምድና አይደለም።

አሁን ወደ መልካ ቁንጡሬ እንለፍ። ከ700,000 ዓመት በፊት በዚያ በነበረ የኩሬ ዳር ጭቃ ላይ የጉማሬ ኮቴና የሰው እግር፣ የሕፃናትም ጭምር፣ ታትመው ቆይተዋል። ከባልጩት የተሠሩ መሣሪያዎችና የታረደ ጉማሬ አጥንትም በአካባቢው ተገኝተዋል። ሕፃናቱ ከወላጆቻቸው ጋር ሆነው ሥራውን እያዩ ያድጉ ነበር ማለት ነው። ይህ ስፍራ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

በጣና ሐይቅ ዳር ደግሞ ወይጦዎች በደንገል ታንኳ እየቀዘፉ ጉማሬን በጦር ያድኑ ነበር። ሥጋውን በመብላታቸው ምክንያት ጎረቤቶቻቸው ይጸየፏቸው ነበር። ዳሩ ግን ሥጋውን የተጸየፈው ሰው ከዚያው እንስሳ ቆዳ የተሠራውን ጋሻ ከማንገብም ሆነ አለንጋውን ከመጨበጥ አልተቆጠበም። በእውነቱ ይህ ፍርድ ሚዛኑን የሳተ ነበር፤ አዳኙን ንቆ የአደኑን ፍሬ ማክበር ነውና።

ወደ ግቤም መንገድ ስንመለስ፣ በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. በግቤ ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በአንድ ሳምንት ገደማ ቢያንስ 28 ጉማሬዎች ሞተው ተገኝተዋል። እንስቲቱ 8 ወር ያህል አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ግልገል ብቻ ስለምትወልድ፣ እንዲህ ያለው ጉዳት በቶሎ የሚተካ አይደለም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ጉማሬን የሚያኖረው ውኃው ብቻ አለመሆኑን ልብ እንበል። የወንዙ ዳር ሁሉ ቢታረስ እንስሳው በውኃው መካከል ይራባል፤ በሌሊትም ወደ አዝመራ ገብቶ ከገበሬው ጋር ይጣላል። በዚህም ገበሬውም ጉማሬውም ይጎዳሉ። ስለዚህ ከወንዞቻችን ዳር ጥቂት ሣር እንተውለት። በአዋሽ ዳር ኮቴውን በድንጋይ ውስጥ ማየት ታላቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ልጆቻችን ጉማሬን የሚያውቁት በኮቴው ብቻ እንዳይሆን መጠንቀቅ የእኛ ፋንታ ነው።