ሰማያዊው ስዋስቲካ፦ ፊንላንድ ከሂትለር በፊት የያዘችው ምልክት ከማን መጣ?

ነሐሴ 2025 ላይ ከፊንላንድ አንድ አጭር ዜና ወጣ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአየር ኃይሉ ክፍሎች ባንዲራዎች ላይ የቀረው ስዋስቲካ ሊነሳ መሆኑን ገለጸ። ዜናውን ያነበበው የውጭ ሰው ግን የገረመው መነሳቱ አልነበረም፤ ያስደነገጠው እስከዚያ ቀን ድረስ መቆየቱ ነው። በ2023 ናቶን የተቀላቀለች፣ በዴሞክራሲዋ ስሟ የሚጠራ አገር፣ በ21ኛው ክፍለ ዘመን ወታደሮቿን በስዋስቲካ ባንዲራ ሥር ታሰልፍ ነበር ማለት ነው።

የፊንላንድ መልስ ሁሌም አንድ ነው፤ «የእኛ ከናዚ ጋር አይገናኝም፤ ከሂትለር በፊት የነበረ ነው» የሚል። መልሱ እውነት አለው። ሙሉ እውነት መሆኑ ግን ያከራክራል።

ታሪኩ የሚጀምረው በአንድ አውሮፕላን ነው። ፊንላንድ ከሩሲያ ነፃነቷን ያወጀችው ታኅሣሥ 6 ቀን 1917 ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ አገሪቱ «ነጭ» እና «ቀይ» ተብላ ለሁለት ተከፍላ እርስ በርስ መዋጋት ጀመረች። የነጮቹ መንግሥት መቀመጫውን በምዕራብ ዳርቻ ባለችው ቫሳ ከተማ አደረገ። መጋቢት 6 ቀን 1918 ከስዊድኗ ኡሜዮ ከተማ የተነሳ ቱሊን የተባለ ትንሽ አውሮፕላን ባሕሩን አቋርጦ ቫሳ አረፈ። አብራሪው ኒልስ ኪንድበርግ፣ ተሳፋሪው ደግሞ የአውሮፕላኑ ባለቤት የስዊድኑ ባላባት ካውንት ኤሪክ ቮን ሮዘን ነበሩ። ካውንቱ አውሮፕላኑን ለነጮቹ ጦር በስጦታ አበረከተ። ክንፎቹ ላይ ሰማያዊ ስዋስቲካ ተሥሎ ነበር። የጦሩ አዛዥ ማነርሄይም በዚያው ወር ምልክቱን የአየር ኃይሉ መለያ እንዲሆን አዘዘ። የፊንላንድ አየር ኃይል ልደቱን እስከ ዛሬ የሚቆጥረው ከዚያች ቀን ነው።

ካውንቱ ምልክቱን ከየት አመጣው? የሚታወቀው ትረካ እንዲህ ይላል፦ ገና ተማሪ ሳለ በስዊድኗ ጎትላንድ ደሴት፣ በጥንት የሩን ድንጋዮች ላይ አየው፤ የጥንት ሰዎች የመልካም ዕድል ምልክት መሆኑን ተረዳ፤ ከዚያ ወዲያ የራሱ መለያ አደረገው። ይህ የማይታመን ነገር አይደለም። ስዋስቲካ ከሕንድ እስከ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ድረስ በብዙ ቦታ ያለ ጥንታዊ ቅርጽ ነው። በእኛው ላሊበላም የቤተ ማርያምን መስኮቶች ልብ ብሎ ያየ ሰው ከመስቀሎቹ መካከል ይህንኑ ቅርጽ ያገኘዋል። ቅርጹን በማየት ብቻ ማንንም ናዚ ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው የመነሻ ትረካ ደግሞ ፊንላንዳዊ ነው። ታላቁ ሠዓሊ አክሰሊ ጋለን ካሌላ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ከአገሪቱ አፈ ታሪክ ወስዶ በሣለው «አይኖ» በተሰኘው ሥራው ክፈፍ ላይ ስዋስቲካን ተጠቅሞበታል። በ1918 የነጮቹ ጦር «የነፃነት መስቀል» የተባለ ሜዳሊያ ሲያቋቁም ንድፉን የሠራው እሱ ነው፤ እዚያም ስዋስቲካ አለ። ሜዳሊያው የተመሠረተው መጋቢት 4 ቀን ነው። የካውንቱ አውሮፕላን ቫሳ ከመድረሱ ከሁለት ቀን በፊት መሆኑ ነው። ስለዚህ ምልክቱ ወደ ፊንላንድ ጦር የገባው በአንድ በር ብቻ አይደለም። አንዱ መንገድ ከአገር ውስጥ ጥበብ፣ ሌላው ከስዊድን ባላባት ቤት ይነሳል።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ክርክር ባልነበረ። ነገሩን የሚያወሳስበው የካውንቱ ቀጣይ ሕይወት ነው።

በየካቲት 1920 ቮን ሮዘን ከስቶክሆልም ሮከልስታድ ወደሚባለው ግንቡ ለመድረስ አውሮፕላን ተከራየ። አየሩ ክፉ ነበር። የወሰደው አብራሪ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሥራ ፍለጋ ስዊድን የገባ ጀርመናዊ ነው፤ ስሙ ኸርማን ጎሪንግ። ጎሪንግ ያን ምሽት በግንቡ አደረ፤ ከምድጃው አጠገብም የብረት ስዋስቲካ ነበር። የካውንቱን ሚስት እህት ካሪንን ያወቃትም በዚያው ምሽት ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ አገባት። በኋላ የሂትለር ቀኝ እጅና የጀርመን አየር ኃይል አዛዥ የሆነው ሰው፣ የፊንላንድ አየር ኃይልን ምልክት ለሰጠው ሰው የቅርብ ዘመድ ሆነ ማለት ነው። ቮን ሮዘን ራሱም በ1930ዎቹ በስዊድን የብሔራዊ ሶሻሊስት እንቅስቃሴ ውስጥ በይፋ ተሰለፈ።

የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲው ቴይቮ ቴይቫይነንን የመሰሉ ምሁራን የሚጠይቁትም ይህንኑ ነው፦ የሰጪው ሰው አስተሳሰብ እየታወቀ «ምንም ግንኙነት የለም» ማለት እንዴት ይቻላል? ናዚዎች ስዋስቲካን ዓርማቸው ያደረጉት በ1920 መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ምልክቱን እነሱ አልፈጠሩትም። ከእነሱ በፊት፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነትም በፊት፣ በጀርመንና በኦስትሪያ ስለ «አርያን» ዘር የሚሰብኩ ፀረ አይሁድ ቡድኖች ይዘውት ነበር። ስለዚህ «1918 ከ1920 ይቀድማል» የሚለው ሒሳብ ብቻውን ጥያቄውን አይዘጋውም።

በሌላ በኩል፣ አንድ ሰው በ1933 የያዘውን አቋም ወደ ኋላ ወስዶ በ1918 ሥራው ላይ መለጠፍም ፍትሕ አይደለም። በ1918 ካውንቱ ስጦታውን ሲሰጥ ሂትለር ገና ስሙ የማይታወቅ ወታደር ነበር። ማነርሄይምም ትእዛዙን ሲፈርም ወደፊት የሚመጣውን ሊያውቅ አይችልም።

ምልክት እንደ ንብረት በአባት አይወረስም። ለዚህ ከራሱ ከካውንቱ ልጅ የተሻለ ምስክር የለም፤ ልጁን ደግሞ ኢትዮጵያ በደንብ ታውቀዋለች። ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን ይባላል። ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ ለስዊድን ቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ለማብረር መጣ። ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል በመገንባት እስከ 1956 ድረስ መራ። በ1970ዎቹ አጋማሽ በረሃብ ለተጎዳው ሕዝብ ከአየር ላይ እህል ጣለ። በሐምሌ 1977፣ በሶማሊያ ወረራ ጊዜ፣ ጎዴ ላይ ተገደለ። ይኸው ሰው በ1939 ሶቪየት ኅብረት ፊንላንድን ስትወር ለፊንላንድ በፈቃደኝነት በርሯል፤ የፊንላንድን ሰማያዊ ስዋስቲካ በያዘ አውሮፕላን። አባትና ልጅ አንድ ምልክት ይዘው በሁለት ተቃራኒ መንገድ ሄዱ።

የአገሪቱ ታሪክም እንዲሁ ቀጥ ያለ አይደለም። ከ1941 እስከ 1944 ፊንላንድ ከናዚ ጀርመን ጎን ሆና ሶቪየትን ወጋች። በመስከረም 1944 ከሞስኮ ጋር ተኩስ አቁማ ጀርመኖችን ከሰሜን ግዛቷ ለማስወጣት ዞረች። በዚያ ውጊያ ስዋስቲካ የያዙ አውሮፕላኖች ስዋስቲካ የያዘ ጦር ላይ ቦምብ ጣሉ። በሚያዝያ 1945፣ የአሸናፊዎቹ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ሄልሲንኪ ባለበት ጊዜ፣ ምልክቱ ከአውሮፕላኖቹ ላይ ተነስቶ ነጭና ሰማያዊ ክብ ተተካ።

ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ክርክሩ ሁሌ 1918 ላይ ይቆማል፤ ዓይን የሚገባው ግን 1950ዎቹ ነው። አየር ኃይሉ ለክፍሎቹ አዲስ ባንዲራ ሲያሠራ ስዋስቲካን መልሶ አስገባ። በዚያን ጊዜ የኦሽዊትዝ ነገር ለማንም ምስጢር አልነበረም። በ1918 «አላወቅንም» ማለት ይቻላል፤ በ1950ዎቹ ግን አይቻልም። ያኔ የተደረገው አውቆ መምረጥ ነው፤ «ሌላው ዓለም ምንም ይበል፣ ለእኛ የነፃነት ምልክታችን ነው» ብሎ መምረጥ።

ይህ «ለእኛ» የሚለው ቃል ራሱ ጥያቄ አለበት። ምልክቱ የተወለደው በእርስ በርስ ጦርነት መሐል፣ በአንደኛው ወገን ሰፈር ነው። በዚያ ጦርነትና እሱን ተከትለው በመጡት የእስረኞች ካምፖች ወደ 37,000 የሚጠጋ ሰው አልቋል፤ አብዛኛው ከቀዮቹ ወገን ነበር። ለዚያ ወገን ልጆች ሰማያዊው ስዋስቲካ ገና ከጅምሩ የአሸናፊው ምልክት እንጂ የሁሉም የመልካም ዕድል ምልክት አልነበረም። ናዚ ከመምጣቱም በፊት ለሁሉም እኩል ንጹሕ ነበር ማለት ይከብዳል።

ከዚያ በኋላ ማንሳቱ ቀስ በቀስ ሄደ። በ1963 ከታላቁ የነጭ ጽጌረዳ ኒሻን የአንገት ሰንሰለት ላይ ወጣ። በ2017 የአየር ኃይሉ ዕዝ ከዓርማው ላይ ያለ ብዙ ወሬ አወጣው፤ ዓለም የሰማው በ2020 ነው። በ2025 ተራው የክፍሎቹ ባንዲራዎች ሆነ። የካሬሊያ አየር ኃይል ክፍል አዛዥ የሰጡት ምክንያትም ቀላል ነበር፤ ባንዲራውን መያዝ ይቻል ነበር፣ ነገር ግን የውጭ እንግዶች ሲመጡ የሚያሳፍር ሁኔታ ይፈጠራል የሚል። በነፃነት መስቀል ላይና እሱን በያዘው በፕሬዚዳንቱ ባንዲራ ላይ ግን ምልክቱ ዛሬም አለ።

ሰባ ዓመት የአገር ውስጥ ክርክር ያላነሳውን ባንዲራ የእንግዳ ዓይን አስነሳው። ያ የሚጠቁመው ነገር አለ። ምልክትን የሚሥለው ሰው ትርጉሙን በኪሱ ይዞ አይቆይም። ካውንቱ ዕድል ብሎ ሣለው፣ ሠዓሊው ጥንታዊ ጌጥ ብሎ፣ ማነርሄይም ነፃነት ብሎ። ከዚያ ሌላ ጦር አንሥቶ ሚሊዮኖችን ሲገድልበት ትርጉሙ ከሁሉም እጅ ወጣ። ፊንላንድ ምልክቱን ከናዚ አልወሰደችም፤ ይህን ለማስረዳት ግን መቶ ዓመት ሙሉ ስታብራራ ኖራለች። ለራስ ልጅና ለጎረቤት በየጊዜው ማብራሪያ የሚጠይቅ ባንዲራ ደግሞ የባንዲራነቱን ሥራ አይሠራም፤ ባንዲራ የሚያስፈልገው ሳይናገሩ ለመግባባት ነውና።