በሲራራው መንገድ ሰው የሚመዘነው በሥራው ነበር

ደባርቅ ላይ በቅሎ መጫን ከቱሪስት በፊት የነጋዴ ሥራ ነበር። ከጎንደር ተነስቶ ወደ ምጽዋ የሚያቀና ሲራራ ወገራን አቋርጦ፣ ዳባትንና ደባርቅን አልፎ፣ የሊማሊሞን ገደል ይወርዳል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1770 ሽቅብ የወጣው በዚሁ ነው። አሞሌ ጨው ወደ ላይ፣ ቡናና ሰም ወደ ታች ይጓዝ ነበር።

ሲራራ ብዙ ዓይነት ሰው ይፈልጋል። ኬላ ላይ ከቀራጭ ጋር የሚከራከር አንድ አንደበተ ርቱዕ ይበቃል። የቀረው የሚጭን፣ የሚያራግፍ፣ ከብት የሚያግድ፣ እሳት የሚያነድ፣ ሌሊት የሚጠብቅ ነው። ለዚህ ጨዋታ አዋቂ መሆን ግዴታ አልነበረም።

ጣሊያን በወረራው ዘመን በሊማሊሞ የመኪና መንገድ ሲያወጣ የሩቁ ጭነት ወደ መኪና ዞረ። ለበቅሎ የቀረላት መኪና የማይገባበት አገር ነው። አባቴ የደረሰበት ይህ ነው፤ ከዳባት ገበያ ገብስ እየጫነ ለገደል አፋፍ መንደሮች ያደርስ ነበር። በጎረቤታችን አንድ ጎልማሳ ነበር። የሰው ዓይን አያይም፣ ሲጠሩት ቶሎ አይመልስም፣ የገበያ ጫጫታ ሲበዛበት ጆሮውን ይዞ ይቀመጣል። መንደሩ «ጅል» ብሎት ጨርሷል። አባቴ ግን እናቱን «እስቲ አንድ ጉዞ ይሞክር» አላት።

የጭነት ሥራ ምስጢሩ ሚዛን ነው። ሸክሙ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ በቅሎዋ ትገጠባለች፤ የተገጠበች በቅሎ ደግሞ እስክትድን እንጀራ አትሆንም። ያ ሰው ሁለቱን ስልቻ በየእጁ አንስቶ ሳይመዝን አይጭንም። ጠፍሩን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቋጠሮ ያስራል። ማታ ሲያራግፍ መዳፉን በበቅሎዋ ጀርባ ላይ እያስኬደ እብጠት ይፈልጋል፤ ካገኘ በማግስቱ ያችን በቅሎ የሚያስጭነው የለም። አባቴም ጠባዩን አወቀለት። ትእዛዝ አንድ በአንድ ይነግረዋል፣ የጉዞ ለውጥ ካለ በዋዜማው ያሳውቀዋል፣ ገበያ ውስጥ አያቆመውም። ሒሳቡን ከሌሎቹ እኩል ይከፍለዋል። ጽድቅ ፈልጎ አልነበረም፤ በቅሎዎቹ ስለማይገጠቡ ነው።

የስሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1969 ብሔራዊ ፓርክ ሲሆኑ፣ በ1978ም ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባቸው፣ በቅሎዎቻችን ከገብስ ወደ ድንኳን ተሸጋገሩ። እኔም ዛሬ ወደ ሳንቃበርና ወደ ጨነቅ ለሚወጡ ተጓዦች ዕቃ አዘጋጃለሁ። ይህ ሥራ ካስማና ማንኪያ ሳይቀር ቆጥሮ የሚያስረክብ ሰው ይፈልጋል።

ድሮ ደግ ነበር ማለቴ አይደለም። በዚያው ዘመን ስንቱ እንደ ጎረቤታችን ያለ ልጅ ከእንግዳ ተደብቆ አድጓል፤ እርግማን ነው ተብሎ ከጠበል ጠበል ተንከራቷል። ለእንዲህ ያለ ጠባይ የሚሰጠው ኦቲዝም የሚለው ስም በአገራችን ጎልቶ የተሰማው ልጃቸው ኦቲዝም ያለበት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ካቋቋሙ በኋላ ነው። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000ም የአእምሮ ጉዳትን ጨምሮ በቅጥር ላይ የሚደረግ አድልዎን ከልክሏል፤ አሠሪው የሥራ ቦታውን ለሠራተኛው እንዲያመች አድርጎ እንዲያስተካክልም ያዛል።

ሕጉ አለ፤ በሩን የዘጋው ቃለ መጠይቅ ነው። ዴንማርካዊው ቶርኪል ሶነ ልጁ ኦቲዝም እንዳለበት ካወቀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2004 እንዲህ ያሉ ሰዎችን ለኮምፒውተር ሥራ የሚቀጥር ድርጅት አቋቋመ። አመልካቾቹን በጥያቄ ከማፋጠጥ ይልቅ በሌጎ ሮቦት እያሠራ ችሎታቸውን አየ። የጀርመኑ የሶፍትዌር ኩባንያ ኤስኤፒም እ.ኤ.አ. በ2013 ተመሳሳይ የቅጥር ፕሮግራም ጀመረ። አባቴ ሌጎ አያውቅም፤ ዘዴው ግን ያው ነው፦ አሠርቶ ማየት።

ደባርቅና ዳባት ላይ ሆቴል፣ የእህል መጋዘን፣ መዝገብ ቤት ያላችሁ ሁሉ፣ እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣባችሁ አንደበቱን አትፈትኑ። ሥራውን አሳዩት፣ ጸጥ ያለ ቦታ ስጡት፣ አንድ ሳምንት አሠሩት። ከሠራ ቅጠሩት፤ ደመወዙንም እኩል ክፈሉት።